ሁለት ምስክር ያለው ቃል

በትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው ምን እንደተማረ ለማንም ባይናገር ይሻለዋል። ኢንጂነር መሆኑ የታወቀበት የጎረቤት ምድጃ ሲጠግን ይውላል፤ ሕግ የተማረው የባልና ሚስት ጠብ ሲሰማ ያረጃል። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ደግሞ ከሁሉም የባሰባት ናት። በላቲን ፊደል የተጻፈ ነገር ሁሉ እሷ ቤት ያበቃል። መርሳ ከተማ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የመድኃኒት ወረቀት አንብቤያለሁ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር መመሪያ አንብቤያለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ የብስኩት መጠቅለያ አንብቤያለሁ። መጠቅለያው የተጻፈው በቱርክኛ ነበር። ይህን ለመናገር ስላፈርኩ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ ስኳር አለው፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ ይላል አልኳቸው። ሰዎቹ አመስግነውኝ ሄዱ። ብስኩት ስኳር እንዳለው ለማወቅ ቱርክኛ መቻል ያስፈልጋል እንዴ?

ጠባዬ ይኸው ነው። ሰው ፊት ስቀርብ ጆሮዬ ይግላል፤ "አላውቅም" የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ድረስ ትመጣና ትመለሳለች። በዚህ ጠባዬ የተነሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የደበቅኩት አንድ ጉዳይ አለ። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም "በማወቅም ባለማወቅም" በሚለው ውስጥ ጠቅልዬ ነው ያሳለፍኩት። ዛሬ ለእናንተ ልናገር ነው። እናንተ ፊቴን አታዩትም።

መርሳ ላይ ሰይድ የሚባል የከብት ሐኪም አለ። ሩሲያ ሄዶ ተምሮ ሲመለስ ዲግሪውንም ሚስቱንም ይዞ መጣ። ሚስቱ ስሟ ሊዩባ ነው። መርሳ ግን ስም እንደተነገረው አይቀበልም፤ ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ነው። በሳምንቷ ሉባባ ተባለች፤ የሰማ ሁሉ የጎረቤታችን የውርጌሳ ከተማ ልጅ ትመስለዋለች።

ሉባባ አማርኛ የለመደችው ከአማቷ ከእማማ ዘይነባ ጎን ተቀምጣ ነው። ወደዚያ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ እማማ ዘይነባን "አንቱ" ስለሚል፣ በአማርኛ ሌላ አጠራር ያለ አልመሰላትም። ሁሉንም አንቱ ማለት ጀመረች። ማንጎ ልትበላ የገባችውን ፍየል ሳይቀር በሩ ላይ ቆማ "እባክዎ ይውጡ" ትላታለች። ፍየሏም እንዲህ ተከብራ ስለማታውቅ ይብሱን ትገባለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማማ ዘይነባ ግራና ከሚባለው መንደር የመጣ ማንጎ በዘንቢል ይዘው ቤቴ መጡ። ተቀመጡ፣ ግራ ቀኙን አዩ፣ ከዚያ በቤት ውስጥ ያለ ክፉ በሽታ እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቲቸርዬ፣ ጉዴን ላንቺ ነው የማወራው። ልጅቱ እንግሊዝኛ አትችልም" አሉኝ።

ሩሲያዊት እኮ ናት፣ የራሷ ቋንቋ አላት ብላቸው አልተዋጠላቸውም። "ፈረንጅ ሆና?" አሉ። "እኔማ ጤናዋን ተጠራጥሬ ነበር። ሰይድን ብጠይቀው ከመጀመሪያውም አውቃለሁ አይለኝም! አውቆ ነው ያገባት፣ ወላሂ።"

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገሩኝ። ሉባባ በአገሯ ነርስ ነበረች። ወልዲያ አንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ይፈልጋል፤ ባለቤቱ ዶክተር ግን በእንግሊዝኛ ፈትነው ካላለፈች አይቀጥሯትም። ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል። እሷ ደግሞ ቤት መዋል አንገሽግሿታል፤ ይህ ሥራ ካልሆነ ወደ እናቴ እመለሳለሁ ብላ ለሰይድ ቁርጡን ነግራዋለች። "እሷ ከሄደች እሱ ተከትሏት ይሄዳል" አሉ እማማ ዘይነባ። "እሱ ከሄደ እኔ ከማንጎው ጋር ላወራ ነው? አንቺ ካለሽ ግን አልሰጋም። አብሽሪ፣ አላህ ይረዳሻል።"

መስጋት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አብሽሪ የተባልኩትም እኔው ነኝ። በዚያች ደቂቃ እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህ ወግ ባልተጻፈ ነበር። እውነቱ ምን መሰላችሁ? እኔ የማውቀው ሰዋስው ነው። ድመቷ አይጧን በላች በሉኝ፣ አይጧ በድመቷ ተበላች ብዬ ወዲያው እገለብጥላችኋለሁ። በእንግሊዝኛ ግን አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ አላውቅም። ማን ሊሸጥልኝ? ከእንግሊዝ ሰው ጋር ያወራሁት አንድ ጊዜ በሕልሜ ሲሆን፣ እሱም "ይቅርታ፣ ምን አልሽ?" ሲለኝ ነቃሁ። ለእማማ ዘይነባ ግን እሺ አልኳቸው። ጆሮዬ ግሎ ነበር፤ ሻሼ ሸፈነልኝ።

ትምህርቱን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሥራ በኋላ፣ የቤቴ በረንዳ ላይ ጀመርን። ለነርስ ይጠቅማል ብዬ ከሰውነት ክፍሎች ተነሳሁ። መዳፌን ዘርግቼ ይህ "ሃንድ" ነው አልኳት። ጻፈች። ከዚያ ትከሻዋን ነክታ "ይኸስ?" አለች። አይ፣ እዚያ ላይ ሲደርስ "አርም" ይባላል አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። ድንበሩ የት ላይ ነው ብላ ጠየቀችኝ። በእሷ ቋንቋ እጅ ማለት ከትከሻ እስከ ጥፍር ነው። በእኛስ? በእኛም ያው ነው። የአንድ ሰው እጅ ተሰበረ ሲባል የትኛው ቀበሌ ላይ ብሎ የሚጠይቅ አለ?

እግር ላይም ይኸው ገጠመን። እነሱም አንድ እግር፣ እኛም አንድ እግር፤ እንግሊዝ ብቻ ከላይና ከታች ለሁለት ከፍሎታል። የእግር ጣት ለብቻው ስም አለው ስላት ግን ደብተሯን ዘጋችው። "ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ጣት ምን ይሠሩበታል?" አለች። ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓትና እጅ ላይ ያለው ሰዓት የተለያየ ስም እንዳላቸው ስነግራት፣ ሁለታችንም እንግሊዝኛን ሥራ የፈታ ሰው የፈጠረው ቋንቋ ነው ብለን ተስማማን። ሩሲያና ወረዳችን ሀብሩ እንዲህ በአንድ ቃል የተስማሙበት ሌላ ጉዳይ ያለ አይመስለኝም።

መዘዙ የመጣው ከዚሁ ስምምነት ነው።

አንድ ቀን ከበረንዳው ፊት ለፊት አሸዋ የጫነ መኪና ቆሞ ሰውየው ሲወርድ ሉባባ በጣቷ እያሳየች "ሾፌር" አለች። ከወንበሬ ተነሳሁ። ምን አልሽ? ሾፌር። እኛም እኮ ሾፌር ነው የምንለው! ጋዜጣስ? ጋዜጣ አለች። ፋብሪካ? ፋብሪካ። የአገር ካርታስ? ካርታ! የዕቃ መደርደሪያውን ት ብቻ ጨምራ ቡፌት ትላለች፤ የትኩሳት መለኪያውን ቴርሞሜትር ትላለች፤ ያውም ከነአጠራሩ እንደ እኛው። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ አጨበጨብን። አሸዋ የጫነው ሰውዬም ወደ እኛ ዞሮ ትንሽ ሳቀ፤ ለእሱ ያጨበጨብን መስሎታል።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ስናገር አሁንም ጆሮዬ ይግላል። አሰብኩ። ሾፌር የሚለው ቃል ከግዕዝ እንዳልመጣ አውቃለሁ። እሷም የሩሲያ ገበሬ ያወጣው ቃል እንዳልሆነ ታውቃለች። የእኛም ካልሆነ፣ የነሱም ካልሆነ፣ ታዲያ የማን ሊሆን ነው? ራሱ ላይ ፍሬ የወደቀበት ሊቅ እንኳ እንደኔ አልተደሰተም። ሕጌን እዚያው በረንዳ ላይ ደነገግኩ፦ በአማርኛም በሩሲያኛም የሚገኝ የፈረንጅ ቃል እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለት ምስክር አለውና። ፍርድ ቤትስ ከዚህ በላይ ምን ይጠይቃል?

ሉባባ ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ጻፈች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ ገሰገሰ። አዲስ ቃል መሸምደድ ቀረ፤ ሁለታችንም የምናውቀውን መልቀም ብቻ ሆነ። አልፎ አልፎ የምስክሮቹ ቃል ይጋጭ ነበር። አምፖል ስላት እሷ የመርፌ መድኃኒት ያለባትን ትንሽ ጠርሙስ አሰበች፤ እኔ ጣሪያዬ ላይ የተንጠለጠለውን አሳየኋት። ተከራክረን፣ አምፖል ማለት ውስጡ መብራት ወይም መድኃኒት ያለበት መስታወት ነው ብለን አስታረቅናቸው። መጋዘን ለእኛ ዕቃ የሚከማችበት ነው፤ ለእነሱ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ዕቃ እስካለበት ድረስ ምን ልዩነት አለው ብለን እሱንም አጸደቅን። እንግሊዞች ሳይጠየቁ ቋንቋቸው እንዲህ መርሳ ላይ ተሻሻለ።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ለክፍል ተማሪዎቼ ጥያቄ ሳወጣ "ወንድሜ ፋብሪካ ውስጥ ሾፌር ነው" የሚለውን ዓረፍተ ነገራችንን ልጠቀምበት አሰብኩ። የፊደሉን አጻጻፍ ለማረጋገጥ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ለፋብሪካ የቀረበው ቃል "ፋብሪክ" ነው፤ ትርጉሙ ጨርቅ። ወንድሜ ጨርቅ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጋዜጣን ፈለግኩ፣ እኛ በምንለው መልክ የለም። ካርታን ፈለግኩ፣ የለም። ስልኬ ላይ ስጠይቅ ጉዱ ወጣ፦ ጋዜጣውና ካርታው የጣልያን፣ ሾፌሩና ቡፌው የፈረንሳይ። እኛም ሩሲያዎቹም ከአንድ ጎረቤት የተዋስነውን ዕቃ፣ የሌላ ጎረቤት ነው ብለን ተማምለን ኖሯል።

ያን ቀን ብቻዬን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ማንም ሳያየኝ ማፈር እንደሚቻል ያወቅኩት ያኔ ነው።

በማግስቱ ልነግራት ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እማማ ዘይነባ ናቸው፤ ፊታቸው በርቷል። "ቲቸርዬ፣ ነይ ግቢ፣ ጉድ ስሚ!" አሉኝ። "ሉባባ ደብተሯን ስታነብልኝ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ቡፌ፣ ሾፌር፣ ፋብሪካ፣ ካርታ! ይኼን ሁሉ ዓመት ስናገረው የኖርኩት እንግሊዝኛ ነው ለካ! ማንም አልነገረኝም እኮ።" ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት እንግሊዝኛ መቻላቸውን ያወቁት ገና ትናንት ነው። ዛሬ ልንጠቃቸው? የቀረበልኝን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

የፈተናው ቀን በሚኒባስ ወደ ወልዲያ ስንሄድ፣ ዛሬስ ሲሪንቃ ሳንደርስ እነግራታለሁ ብዬ ምዬ ነበር። እማማ ዘይነባ ግን ለዶክተሩ የሚሆን ማንጎ ይዘው በመካከላችን ተቀመጡ፤ ዱዓም ጀመሩ። "ይቺን ቲቸር ዕድሜዋን ያርዝመው፣ እውቀቷን ያብዛላት" ሲሉ አፌን ከፈትኩ። "አሚን በይ እንጂ" አሉኝ። አሚን አልኩ። እውቀቷን ያብዛላት ለሚለው እንዲያውም ከልቤ ነው ያልኩት። ሲሪንቃ አለፈች።

ክሊኒኩ ውስጥ እኔና እማማ ዘይነባ ከፈተናው ክፍል በር አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉም ይሰማል። ዶክተሩ መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ፣ ፀጉራቸው ሸበቶ የገባበት ሰው ናቸው። ከመርሳ በምን መጣሽ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቋት። በሚኒባስ፣ ሾፌሩ ጎበዝ ነው አለች፤ "ሾፌር" ብላ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ዶክተሩ "ኦኬ፣ ጉድ" አሉ። ቶንሲል ያለበት ሰው ቢመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ አሏት። ቶንሲል የሌለበት ሰው የለም፤ እሳቸው ግን እንደ በሽታ ስም ነው የጠሩት፤ እንደ ሁላችንም። እሷም ቴርሞሜትር አደርጋለሁ አለች። "ቬሪ ጉድ" አሉ። የምስክር ወረቀቷን ዋናውን ሲጠይቋት ቤት ቡፌ ውስጥ አለ አለች። እማማ ዘይነባ በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ፣ "ቡፌ አለች፤ ገባኝ" ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ።

ከዚያ ዶክተሩ ትከሻቸው ሥር ያለውን ክንዳቸውን ይዘው፣ አንድ ሰው እዚህ ጋ "ሃንዱ" ተሰብሮ ቢመጣስ አሉ። በበሩ ክፍተት አየኋቸው። እዚያ ላይ "አርም" እንደሚባል ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ ከሦስት ወሩ ትምህርት እርግጠኛ የነበርኩበት እሱ ብቻ ነው። ዶክተሩን ልታርማቸው ነው ብዬ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጥኩ። ሉባባ የዶክተሩን እጅ አየች፣ ፊታቸውን አየች። "የስ፣ ሃንድ" አለችና እንዴት አድርጋ እንደምታስረው ተናገረች። ረስታዋለች ብዬ አዘንኩ፤ ትንሽም ደስ አለኝ።

ዶክተሩ እየሳቁ ወጡ። አስተማሪዋ የትኛዋ ናት ብለው ጠየቁ። እማማ ዘይነባ ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ። ዶክተሩ እጄን ጨብጠው፣ በሕይወታቸው ብዙ ፈረንጅ እንዳናገሩና ሁሉም እንግሊዝኛውን አፋቸው ውስጥ አላምጠው እንደሚውጡት፣ የዚች ግን ጥርት ብሎ እንደገባቸው ነገሩኝ። "ስትናገር የምትገባኝ የመጀመሪያዋ ፈረንጅ ናት" አሉ። ማንጎውን ተቀበሉ፤ ሉባባ ተቀጠረች።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ደስ ብሎኛል። ግን ከዚያ ወዲህ በየማንጎው ወቅት ከግራና አንድ ዘንቢል ይመጣልኛል፤ እያንዳንዱን ፍሬ የምልጠው ሌባ እንደሆንኩ እየተሰማኝ ነው። ሉባባ ሴት ልጅ ወለደች። እማማ ዘይነባ ለልጅ ልጃቸው "ካርታ፣ ቡፌ" እያሉ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እኔ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር ሉባባ ስልክ ደወለች። አሁን አማርኛዋ እንደኛ ነው፤ እኔን አንቺ ትለኛለች፣ አንቱታው የቀረው ለፍየሎቹ ብቻ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ሊሠራ አንድ ሐኪም ከእንግሊዝ አገር መጥቷል አለችኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ቋንቋው ያስቸግራል፤ ዶክተሩ ፋብሪካ ሲሉት ጨርቅ ይመስለዋል፣ ካርታ አምጣ ሲሉት ዝም ብሎ ያያቸዋል። "ዶክተሩ፣ የዚህ ሰው እንግሊዝኛ ደካማ ነው፣ መርሳ ጎበዝ አስተማሪ አለች፣ ትርዳው ብለዋል። ቅዳሜ እልክልሻለሁ" አለችኝ።

እንግሊዛዊ! የሕልሜ ሰውዬ በቁሙ መጣልኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ሉባባ፣ ደካማዋ እኔ ነኝ አልኳት፤ ሾፌሩንም፣ ጋዜጣውንም፣ ሁለት ምስክሩንም፣ ሲሪንቃ ላይ የዋጥኩትንም ሳልተነፍስ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችና፣ "አውቃለሁ እኮ" አለች።

ከመቼ ጀምሮ? ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ። ስልኳ ላይ መዝገበ ቃላት ነበራት። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት፤ እንዲያውም ተቆጣሁ መሰለኝ። "ባርምሽ ታፍሪያለሽ" አለችኝ። "ካፈርሽ ትምህርቱ ይቆማል። ያኔ መርሳ ላይ ከአንቺ በረንዳ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። ፈተናው ባይኖርም እመጣ ነበር።" ቀጥላም፣ ዶክተሩ ክንዳቸውን ይዘው ሃንድ ሲሉ "አርም" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ እንደነበር፣ ግን እኔን ሦስት ወር ያላረመች ሴት ለሥራ የምትለምነውን ሰው ልታርም እንደማትችል ነገረችኝ። ይሉኝታን ከእማማ ዘይነባ ተምራው ኖሯል፤ ያውም ከእኔ እንግሊዝኛ በተሻለ።

እንባዬን ጠርጌ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ታዲያ እንግሊዛዊውን ለምን ወደኔ ትልኪዋለሽ አልኳት።

"ሁለት ዓመት እዚህ ሊሠራ አይደል?" አለች። "በዚያ በራሱ እንግሊዝኛ ወልዲያ ላይ ማን ይሰማዋል?"

ቅዳሜ መጣ። በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ ረጅም፣ ፊቱ በአገራችን ፀሐይ የቀላ፣ እንደኔው ዓይን አፋር ሰውዬ ነው። አዲስ ደብተሩን ከፈተ። እኔ ክንዴን እስከ ጣቴ ዘረጋሁና፣ በሌላው እጄ ከትከሻዬ ጀምሬ እስከ ጥፍሬ እያሳየሁ "ሃንድ" አልኩት።

እሱ በትሕትና ወደ ትከሻዬ እያመለከተ "አር..." ብሎ ሊጀምር ሲል፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬ ሳይግል፣ "ሃንድ" አልኩት ደግሜ።

ለአፍታ አየኝ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጻፈ።